ይሄም ባይሳካልኝስ? ከክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ክፍል ነርስ ነኝ። ሐበሻ ታካሚ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ እስኪወጣ ይጠብቅና ዋናውን ጥያቄ በአማርኛ ለእኔ ያወጣዋል። ጥያቄው ያው ነው፦ «ጊዜውም ገንዘቡም ወጥቶ፣ ሆዴም ተቀዶ፣ ይሄም እንደሌላው ባይሆንልኝስ?» እዚህ የሰበሰብኳቸው የዚህ ፍርሃት ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። የእናንተን ምርመራና መድኃኒት የሚያውቀው የራሳችሁ ሐኪም ነውና የመጨረሻውን ቃል ከእሱ ስሙ።

ያልሞከርኩት ዳይት የለም፣ ሁሉም ከሽፏል። ይሄኛው በምን ይለያል?

ፍርሃቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ኪቶ ተሞክሯል። ጂም ተከፍሏል። የሎሚና የዝንጅብል ውሃ በባዶ ሆድ ተጠጥቷል። ኪሎው ይወርድና ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ትርፍ ይዞ። ይሄ ሲደጋገም ሰው «ችግሩ እኔው ነኝ» ብሎ ይደመድማል።

ሰውነት ግን የራሱ ሥራ አለው። ክብደት ስትቀንሱ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፣ ቁጭ ብላችሁ የምታቃጥሉት ካሎሪ ደግሞ ይቀንሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው ውጤቱን በፈረንጆቹ 2016 አሳትመዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። የወረደው ክብደት አብዛኛው ተመልሷል። ሰውነታቸው ደግሞ ለዚያ ቁመናና ክብደት ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ነበር የሚያቃጥለው። ከስድስት ዓመት በኋላ! በካሜራ ፊት ላባቸው ሲንጠፈጠፍ የነበሩትን ሰዎች ሰነፍ የሚላቸው የለም።

ኦፕራሲዮኑ የሚነካው ይሄንኑ ሥርዓት ነው። ስሊቭ በተባለው የኦፕራሲዮን ዓይነት ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ግሬሊን በብዛት የሚመረተው በሚወጣው ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙዎች ረሃቡ ራሱ ይጠፋባቸዋል። ባይፓስ በተባለው ሌላኛው ዓይነት ደግሞ ጨጓራው ተከፍሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ከረጢት ትሠራለች፤ ምግቡም የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ ይገባል። በዚህ የተነሣ ጥጋብ የሚያሳውቁ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። በዳይት ጊዜ ከረሃብ ጋር ስትታገሉ የከረማችሁት ረሃቡ እንዳለ ሆኖ ነው። አሁን ረሃቡ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ የዳይት ታሪካችሁን ይዛችሁ የኦፕራሲዮኑን ውጤት አትተንብዩ።

ለመሆኑ «አልተሳካም» የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ይሄን ጥያቄ ገልብጬ ታካሚውን እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ሰው በልቡ የያዘው አንድ ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜም የሠርግ ቀን ኪሎ ነው።

120 ኪሎ የሆነች ሴት እንውሰድ። በስሊቭ በአማካይ ከጠቅላላ ክብደቷ ሩብ ገደማ ይወርዳል፣ በባይፓስ ወደ ሲሦ የሚጠጋ። ስለዚህ ወደ 90 ወይም ወደ 84 ኪሎ ትደርሳለች ማለት ነው። ስትዳር 58 ኪሎ ከነበረችና ሳትናገር የያዘችው ግብ እሱ ከሆነ፣ ኦፕራሲዮኑ አሪፍ ሆኖ ሠርቶላትም «ወደቅኩ» ትላለች። እንዲህ ያለውን ቁጥር ቀደም ብሎ ለሰርጅኑ አውጥቶ መናገር ይሻላል። «ለእኔ ዓይነት ሰው በአማካይ ስንት ይጠበቃል?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ጻፉት።

ሚዛን ላይ የማይወጣውንም ጻፉ። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ይሄ ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። በክሊቭላንድ ክሊኒክ 150 የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኞች ለአምስት ዓመት ተከታትለው ነበር። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር (ኤ1ሲ የሚባለው የደም ምርመራ) ወደ 6.0 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የወረደላቸው ከባይፓስ 29 በመቶ፣ ከስሊቭ 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 5 በመቶ ናቸው። ልብ በሉ፤ ኦፕራሲዮን ከተሠሩትም አብዛኞቹ እዚያ ጥብቅ መስመር ላይ አልደረሱም። ግን ብዙዎቹ የሚወስዱት መድኃኒት ቀንሷል፣ ኢንሱሊን የተዉም አሉ። ይሄንን ውድቀት የሚል ካለ ኢንሱሊን ተወግቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ሌሎች ታካሚዎቼ የጻፏቸውን ልንገራችሁ። ያለ ትንፋሽ ማሽን መተኛት። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሳያርፉ መውጣት። የቀበቶ ማራዘሚያ ሳይጠይቁ አዲስ አበባ ድረስ መብረር። የመጨረሻውን የጻፈችው ሴት ስትናገረው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ አጠገባችን ሰው ባይኖርም።

ክብደቱ ተመልሶ ቢመጣስ?

የተወሰነው ይመጣል። ይሄን አሁን ማወቅ በሦስተኛው ዓመት ከመደንገጥ ያድናል።

በስዊድን ከ1987 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተከታተሉበት ትልቅ ጥናት አለ። ባይፓስ የተሠሩት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀንሰዋል። በአሥረኛው ዓመት የቀነሱት 25 በመቶ ላይ ነበር። ማለትም ትንሽ ተመልሷል፣ አብዛኛው ግን እንደወረደ ቀርቷል። ኦፕራሲዮን ሳይሠሩ በተለመደው ሕክምና የቀጠሉት ክብደታቸው በዚያ ሁሉ ዓመት እምብዛም አልተነቃነቀም። በ2007 የወጣው ውጤት ደግሞ ኦፕራሲዮን የተሠሩት ላይ የሞት መጠኑ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ የተመለሰው ኪሎ ሳይሆን መደበቁ ነው። አራት አምስት ኪሎ የጨመረ ሰው ቀጠሮ መቅረት ይጀምራል። «ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?» ይላል። በዓመቱ ሲመጣ 15 ኪሎ ሆኗል። በአራቱ ኪሎ ጊዜ መጥቶ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሚበላውን አብራው ታየዋለች፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማዕድ ላይ አይገኝም። ቀኑን ሙሉ የሚቆረጠም ቆሎና ለውዝ፣ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ፣ ጭማቂ ነው። ካስፈለገም መድኃኒት አለ፣ አልፎ አልፎ ሁለተኛ ኦፕራሲዮንም ይሠራል። ማንም አይቆጣችሁም። የሚቆጣ ከገጠማችሁ ሌላ ክሊኒክ ፈልጉ።

ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ብሞትስ?

በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የመሞት አደጋው ከ1,000 ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ነው። የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ጋር የሚቀራረብ ነው። የደም መፍሰስ፣ የደም መርጋት፣ ከተሰፋው ቦታ ማፍሰስ ሊያጋጥሙ ይችላሉ፤ በዚያው ቀን ከአልጋ አስነሥተን የምናራምዳችሁም ደም እንዳይረጋ ነው። የምታጨሱ ከሆነ አሁኑኑ አቁሙ፣ አደጋውን ይጨምራል። የእናንተ የግል አደጋ ስንት እንደሆነ ሰርጅኑን በቀጥታ ጠይቁት። ነውር የለውም።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ቢጥለኝስ?

ሐበሻ ይሄን ቀጠሮ እንደ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ነው የሚያየው። ተዘጋጅቶ፣ ለብሶ፣ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ፈተና አይደለም። ባለሙያው የሚፈልገው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልጋችሁ ለማወቅ ነው። ጨርሶ የሚከለከል ሰው ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ ግን ለጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል።

የሚደበቁትን ነገሮች አውቃቸዋለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ማቀዝቀዣ ከፍቶ መብላት። ሲከፋ መብላት። ድብርት። መጠጥ። በተለይ መጠጥን አትደብቁ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ቶሎና በኃይል ደም ውስጥ ይገባል፤ በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛው ዓመት የመጠጥ ችግር መጨመሩን አሳይቷል። ድሮ ምግብ ያጽናናው የነበረ ሰው ምግቡ ሲቀር መጠጥ ሊተካ ይችላል። ይሄን አስቀድሞ የተናገረ ሰው የሚያማክረው ሰው ይመደብለታል። የደበቀ ብቻውን ይቀራል። «ባይሳካልኝስ ብዬ እፈራለሁ» ማለትም ይቻላል። እንደውም ይሄን ያላችሁ ከሆነ ባለሙያው ደስ ይለዋል፣ አስባችሁበታል ማለት ነው።

ሰው ምን ይለኛል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሐበሻ ታካሚ አፍ ከሞት ፍርሃት ይልቅ ይሄን ነው የምሰማው።

አስቀድሞ የሚመጣው «አፍሽን መግዛት አቅቶሽ ነው?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «አቋራጭ ነው» ይባላል። ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ጠጥቶ፣ ዕድሜ ልክ ቫይታሚን እየዋጡ የሚኬድበት አቋራጭ እኔ አላውቅም። ከዚያ ኪሎው ሲወርድ ደግሞ ሌላ ወሬ ይጀመራል። «ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ? ሐኪም ታይተሻል?» በእኛ ዘንድ መክሳት የሕመም ምልክት ነው። ለቅሶ ቤት ያያችሁ ሰው ሁሉ አዝኖ ያያችኋል።

ለማን ይነገር? አብሮአችሁ የሚኖር ሰው ማወቅ አለበት፤ ከሆስፒታል የሚወስዳችሁና ማታ ትኩሳት ቢነሣ የሚደውለው እሱ ነው። ለሌላው የመንገር ግዴታ የለባችሁም። ግን አንድ አጭር መልስ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ለስኳሬ ብዬ አመጋገቤን ቀየርኩ» በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

ከባዱ የዓመት በዓል ማዕድ ነው። አንዲት ታካሚዬ ስሊቭ ከተሠራች በአራተኛ ወሯ ፋሲካ ደረሰ። አክስቷ ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ግማሽ እንቁላል ጨምራ፣ ጉርሻውን ይዛ ፊቷ ቆመች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እምቢ ማለት ከብዷት ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ሁለት ይሆናል፣ ሦስተኛውም አይቀርም። መታጠቢያ ቤት ሄዳ ደረቷን ይዛ ቆየች፣ ከዚያም አስመለሳት። ጨጓራዋ አልተበላሸም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ተመለሰ እንጂ። እሷ ግን በማግሥቱ ደውላ «አበላሸሁት፣ አለቀልኝ» እያለች ታለቅስ ነበር።

በሚቀጥለው በዓል ሌላ ዘዴ ይዛ ሄደች። «ሐኪም ከልክሎኛል» አለች። ሐበሻ ሽማግሌ ፊት ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ቀጥላም «ግን ለቤት ጠቅልሉልኝ» አለች። አክስቷ ምግቧ ስላልተናቀ ደስ ብሏት ሁለት ሣህን ሙሉ አስያዘቻት።

እንጀራ ቀረብኝ ማለት ነው?

ለጊዜው። መጀመሪያ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ የዶሮ መረቅ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያ የላመ ምግብ፣ ከዚያ ለስላሳ ነገር ይመጣል፤ ወደ መደበኛ ምግብ የሚገባው ከወር ተኩል፣ ሁለት ወር በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ክሊኒካችሁ ይሰጣችኋል። በላመው ምግብ ጊዜ ቀጠን ያለ፣ ዘይትና በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ ያድናል። ዳቦና እንጀራ በመጀመሪያ ወራት ብዙ ሰው ላይ ይከብዳሉ። ሲፈቀድ ከወጡ ውስጥ ሥጋውን ወይም እንቁላሉን አስቀድሙ፣ አትክልቱን አስከትሉ፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ በትንሹ።

አምቦ ውሃና ቢራ ጋዝ ስላላቸው ይቆዩ። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቡናውን መቼ እንደምትመለሱበት ጠይቁ፣ ስኳሩን ግን አሁኑኑ ተሰናበቱት። ባይፓስ የተሠራ ሰው ስኳር ሲበዛበት ላብ፣ የልብ ምትና ተቅማጥ ሊያጣድፈው ይችላል።

ጾምስ?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ተዉት። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታዝናለች፤ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ችግሩ ፕሮቲን ነው። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ያስፈልጋል፤ ያንን በዚያች ትንሽ ጨጓራ ከምስርና ከሽምብራ ብቻ ማሟላት ከባድ ነው። ቆይታችሁ ዐቢይ ጾምን መጾም ስትጀምሩ ከዕፅዋት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ይረዳል። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ግን በጾምም በፍስክም አይቋረጡም።

ለረመዳን የሚጾሙ ደግሞ ትልቁ ነገር ውሃ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ውሃ በአንዴ ግጥም አይደረግም፣ ፉት እያሉ ነው። ቀን ሙሉ ያልተጠጣውን በማታ ሰዓታት መተካት ያስቸግራል። ረመዳን ቅርብ ከሆነ የኦፕራሲዮኑን ቀን ስትይዙ ተናገሩ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን የሁለት ሳምንት ዳይት ባፈርስስ?

ይሄ ዳይት ጉበት እንዲሟሽሽ ነው። ጉበት ጨጓራ ላይ ተደርቦ ስለሚገኝ ትልቅ ከሆነ ሰርጅኑ ማየት ይቸገራል። አንድ ቀን ልደት ላይ ኬክ ብትቀምሱ ዓለም አልጠፋም፤ ደውላችሁ ተናገሩ፣ በማግሥቱ ቀጥሉ። «ካሁን በኋላ አላገኘውም» ብሎ ለሳምንት ክትፎ መሰናበት ግን ሌላ ነገር ነው። ክትፎው ይጠብቃችኋል።

የክብደት መቀነሻው መርፌ እያለ ለምን እቀደዳለሁ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ለብዙ ሰው ይሠራል። ሲያቆሙት ግን ይመለሳል፤ በ2022 የወጣ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደተመለሰ አሳይቷል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሁለቱንም የሚጠቀሙ አሉ። አሁን መርፌውን እየወሰዳችሁ ከሆነ ማደንዘዣ የሚሰጣችሁ ሐኪም ማወቅ አለበት።

ከተሠራሁ በኋላ ቢጸጽተኝስ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊጸጽታችሁ ይችላል። ጎኑ ያማል፣ የፕሮቲን ሼኩ ይሰለቻል፣ ቤቱ የወጥ ሽታ ይሸታል። «ምን ነካኝ!» ያላለ ታካሚ እምብዛም አላየሁም። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ ሚዛኑ ቀጥ ይላል። ያኔ ነው «አላልኳችሁም? ለኔ አይሠራም!» የሚል ስልክ የሚመጣው። የተለመደ ነው፣ ያልፋል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ፀጉር መርገፍም ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ስሜቱ ግን ከፀጸት አልፎ ጨለማ ከሆነ፣ ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ደውሉ።

እስከ ቀኑ ድረስ ቁጭ ብዬ ልፍራ?

ሥራ አላችሁ። ቀስ ብሎ ማኘክን አሁን ተለማመዱ፤ አንድ ትንሽ ሣህን በ20 ደቂቃ። ውሃና ምግብ ለዩ። የፕሮቲን ሼኩን ካርቶን ሙሉ ሳትገዙ አንድ አንድ እየቀመሳችሁ የሚስማማችሁን ምረጡ። በየቀኑ በእግር ተንቀሳቀሱ። «አልችልም» የሚለውን ሐሳብ በክርክር አታሸንፉትም፤ ሦስት ሳምንት እንደተቻለ ስታዩት ግን ድምፁ ይቀንሳል።

ፍርሃታችሁን ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ክፈሉት። በአንዱ በኩል ሐኪም ሊመልሰው የሚችለውን፦ በዓመት ስንት ሰው ትሠራለህ? ከተሰፋው ቦታ ያፈሰሰበት ስንቱ ነው? ሌሊት ብደውል ማን ያነሣል? ክትትሉ ስንት ዓመት ነው? በሌላ በኩል ማንም ሊመልሰው የማይችለውን። የመጀመሪያውን ዝርዝር ለቀጠሮው ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከታሰበው አጭር ነው።

ሌላ አገር ረከስ ባለ ዋጋ ባሠራውስ?

ብዙዎች ቱርክና ሜክሲኮ ይሄዳሉ፤ ጥሩ ሰርጅኖችም አሉ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ቢነሣ፣ በሁለተኛው ዓመት ቢ12 ቢወርድ የሚያያችሁ ማን ነው? ለዚህ የስም መልስ ከሌላችሁ ትኬቱን አትቁረጡ።

በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቤን ብቀይርስ?

ማደንዘዣው እስኪሰጣችሁ ድረስ ትችላላችሁ። ጋውን ለብሳችሁም ቢሆን። ፈርማችሁ የነበረው ወረቀት አያስገድዳችሁም። ቀኑን ማዛወርም ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ አጣሩ፦ የኢንሹራንስ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ካለፈ ምርመራው ሊደገም ይችላል። መቼ እንደሚያበቃ የክሊኒኩን ቢሮ ጠይቃችሁ ካላንደራችሁ ላይ ያዙት።